ከልክ በላይ የተዘረጋው ኬብልና ያልታሰበው ጥቅሙ

በጁባ ከተማ የብዙ ሰፈሮች ስም የሚጀምረው «ሃይ» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም ሰፈር ማለት ነው። ሃይ ማላካል ስሙን የወረሰው በነጭ ዓባይ ዳር ከምትገኘው ከማላካል ከተማ ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አዲስ አበባ ላለች አክስቱ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ቢልክላት፣ ድምፁ በየት በኩል አልፎ ይደርሳታል? ካርታ ያየ ሰው በጋምቤላ በኩል በአቋራጭ የሚሻገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን መልእክቱ ወደ ደቡብ በኒሙሌ በኩል ዩጋንዳ ገብቶ፣ ኬንያን አቋርጦ፣ ሞምባሳ ላይ ባሕር ውስጥ ከጠለቀ በኋላ ጂቡቲ ላይ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሊዘልቅ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም አውሮፓ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ዙሮ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም።

መልእክቱ የሚጓዝባቸው ኬብሎች ብዙዎቹ በተዘረጉበት ጊዜ «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» የተባለላቸው ናቸው። በዓለም ላይ ከዘርጊዎቹ አንዳንዶቹ ከስረዋል። ኬብሉ ግን ከመሬትና ከባሕር በታች ቀርቶ፣ ያላሰቡት ሰዎች ያላሰቡትን ጥቅም አገኙበት። በዚህ ጽሑፍ ኬብል ለምን ከልክ በላይ እንደሚዘረጋ፣ ምን ያልታሰበ ጥቅም እንደሰጠ፣ ጥቅሙስ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬብሉ ምንድን ነው?

የዛሬው የቴሌኮሙኒኬሽን ኬብል ዋና አካል ከመስታወት የተሠራ ክር ነው። የክሩ ውፍረት 0.125 ሚሊሜትር፣ ማለትም እንደ ሰው ጠጉር ያለ ነው። ክሩ ሁለት ድርብርብ የመስታወት ክፍሎች አሉት። በመሐል ያለው መስታወት ብርሃንን የማጉበጥ ችሎታው ከውጭው ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በመሐሉ የገባው ብርሃን ወደ ጎን ሊወጣ ሲል ከውጭው መስታወት ድንበር ላይ ሙሉ በሙሉ እየተንጸባረቀ ይመለሳል፤ በዚህ ዓይነት ክሩ ቢታጠፍም ብርሃኑ ክሩን ተከትሎ ይጓዛል። ጥራት ባለው የመስታወት ክር መልእክትን በሩቅ ማስተላለፍ እንደሚቻል በ1966 ያስረዱት ቻርልስ ካኦ የተባሉ ሳይንቲስት ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ብርሃን በመስታወት ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። ከጁባ በካምፓላና በናይሮቢ በኩል እስከ ሞምባሳ ያለው የመንገድ ርቀት ወደ 1,800 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብርሃኑ ይህን ርቀት የሚጨርሰው በአንድ ሺህ ከተከፈለ ሴኮንድ በዘጠኙ ብቻ ነው። በአንጻሩ ከምድር ጋር አብሮ እየዞረ በአንድ ቦታ ቆሞ በሚታይ ሳተላይት የሚላክ መልእክት ወደ 36,000 ኪሎሜትር ወጥቶ ያንኑ ያህል መውረድ አለበት። ጠቅላላ ጉዞው 72,000 ኪሎሜትር ሲሆን፣ በሬድዮ ሞገድ ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ በ300,000 ኪሎሜትር፣ 0.24 ሴኮንድ ይፈጃል። ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ደግሞ የዚህ እጥፍ፣ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ሳተላይት በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች ንግግር የሚቋረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2004 የተጀመረውን በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለውን ትምህርት የምናስታውስ መምህራን ብዙ ነን። ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ የነበረ ሲሆን የሚሄደውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። በመስኮቱ ላይ የሚታየው መምህር የተማሪውን ጥያቄ ሊሰማ አይችልም ነበር። በሁለት አቅጣጫ፣ በዝቅተኛ ዋጋና ያለ መዘግየት ለመነጋገር ኬብል ያስፈልጋል።

ለምን ከሚፈለገው በላይ ይዘረጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት የወጪው አከፋፈል ነው። ኬብል ለመዘርጋት ገንዘቡን የሚበላው መስታወቱ ሳይሆን ቁፋሮው ነው። ፈቃድ ማግኘት፣ አስፋልት መስበር፣ ድንጋይ መፈልፈል፣ ቱቦ መቅበርና መልሶ መድፈን ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ጉድጓዱ አንድ ጊዜ ከተቆፈረ በኋላ ግን በ12 ክር ፈንታ 96 ክር ያለው ኬብል መክተት የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። በመሆኑም አስተዋይ መሐንዲስ ለዛሬ ከሚበቃው በላይ ይቀብራል። ብርሃን ያልተለቀቀበት ትርፍ ክር በባለሙያዎች ዘንድ «ጨለማ ክር» ይባላል።

ሁለተኛው ምክንያት ውድድር ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሦስትና አራት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይቀብራሉ። እያንዳንዱ ገበያውን እኔ እይዘዋለሁ ብሎ ስለሚያስብ የሁሉም ድምር ከገበያው ይበልጣል።

ሦስተኛው ምክንያት የተሳሳተ ግምት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የኢንተርኔት ጭነት በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል የሚል አባባል በሰፊው ተናፈሰ። አንድሩ ኦድሊዝኮ የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር መረጃውን መርምረው፣ ጭነቱ እጥፍ የሚሆነው በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑን አሳዩ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስለን። በአራት ዓመት ውስጥ 100 ቀን 14 ጊዜ ይገኛል፤ 2ን 14 ጊዜ ብናባዛው 16,384 እናገኛለን። በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ ግን 2ን 4 ጊዜ አባዝተን የምናገኘው 16 ብቻ ነው። ባለ ገንዘቦቹ የሠሩት በመጀመሪያው ሒሳብ ሲሆን ገበያው የሄደው በሁለተኛው ነበር።

በዚህ ላይ የመሐንዲሶች ብልሃት ተጨመረበት። በአንድ ክር ውስጥ የተለያየ የሞገድ ርዝመት ያላቸውን ብዙ የብርሃን ቀለሞች በአንድነት መላክ ተቻለ። አንዱ ክር የብዙዎችን ሥራ መሥራት ሲጀምር የቀሩት ይበልጥ ሥራ ፈቱ።

ውጤቱም ኪሳራ ሆነ። በብዙ አህጉሮች ኬብል የዘረጋው ግሎባል ክሮሲንግ በጥር 2002፣ ዎርልድኮም ደግሞ በሐምሌ 2002 ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ታይኮ የተባለው ኩባንያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በባሕር ውስጥ የዘረጋውን መረብ በ2004 በተደረገ ስምምነት የሕንድ ኩባንያ በ130 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ይህ ማለት ከወጣው አንድ ብር ከሰባት ሳንቲም ያነሰ ተመለሰ እንደ ማለት ነው።

አንደኛው ጥቅም፦ የዋጋ መውረድ

ኬብሉን በርካሽ የገዛው አዲስ ባለቤት የቀድሞውን ዕዳ አልተሸከመም። ስለዚህ በዝቅተኛ ዋጋ አገልግሎት ሸጦ ማትረፍ ቻለ። ሕንድ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለመጡ ሥራዎች በስልክና በኮምፒዩተር አገልግሎት ስትሰጥ፣ ውቅያኖስ አቋራጩ መስመር በጣም መርከሱ ከረዷት ነገሮች አንዱ ነበር። ባለ አክሲዮኖች በአንድ አገር የከሰሩበት ገንዘብ በሌላ አገር ለብዙ ወጣቶች የሥራ መንገድ ጠረገ።

በምሥራቅ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እስከ 2009 ድረስ ከጂቡቲ በስተደቡብ ያለው የአህጉሩ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በዋናነት በሳተላይት ነበር። በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉ ኬብሎች ሞምባሳ ገቡ፤ በ2010 ኢሲ የተባለው ተከተለ፤ በ2012 ደግሞ ላየን ሁለት የተባለው መጣ። በጊዜው የአካባቢው አገሮች ሁሉ የሚጠቀሙበት መጠን ከአንዱ ኬብል አቅም እንኳ ያነሰ ስለ ነበር፣ አራቱ ለምን አስፈለጉ የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱን የሰጠው ጊዜ ነው። ሻጮች ስለ በዙ ዋጋው ወረደ፤ ዋጋው ስለ ወረደ ተጠቃሚው በዛ። ዮናስ ዮርትና ዮናስ ፖልሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ኬብሎቹ ሲደርሱ በመስመሩ አቅራቢያ ባሉ የአፍሪካ አካባቢዎች ሥራ ያገኘው ሰው ቁጥር መጨመሩን አሳይተዋል።

ጁባ የዚህ ትርፍ ተካፋይ የሆነችው ዘግይታ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ ባሕር የሌላት አገር በመሆኗ በአብዛኛው በሳተላይት ትጠቀም ነበር። ሊኩዊድ ቴሌኮም የተባለው ኩባንያ ከዩጋንዳ በኒሙሌ በኩል ጁባ ድረስ የዘረጋው ኬብል አገልግሎት የጀመረው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው መንገድ 192 ኪሎሜትር ነው። ይህን ያህል መንገድ ብቻ ዘርግቶ ከዓለም ጋር መገናኘት የተቻለው ከዚያ በታች እስከ ሞምባሳና ከሞምባሳ ወዲያ ሌሎች አስቀድመው ዘርግተው ያተረፉት አቅም ስለ ነበረ ነው። ሞምባሳ ላይ አንድ ጠባብና ውድ ኬብል ብቻ ቢኖር ኖሮ የጁባው መስመር አፉ እንደ ጠበበ እንስራ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ጥቅም፦ ተለዋጭ መንገድ

በየካቲት 2012 በቀይ ባሕር ውስጥ የሚያልፉ ኬብሎች ተቆረጡ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደግሞ አንድ መርከብ በሞምባሳ አጠገብ መልሕቁን ጥሎ የቲምስን ኬብል በጠሰው። የአካባቢው ግንኙነት ቢዘገይም ጨርሶ አልቆመም። ምክንያቱም ጭነቱ ባልተቆረጠው ኬብል በኩል እንዲዞር ተደረገ። በ2024 መጀመሪያ እንደገና በቀይ ባሕር፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አቅጣጫ ኬብሎች ተቆርጠው በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ተጠቃሚ ተቸግሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ያዳነው በሌላ አቅጣጫ የተዘረጋው ነው። በደኅና ቀን ብክነት የመሰለው ትርፍ በክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆነ። አርሶ አደር ከዘንድሮ ፍጆታው የተረፈውን እህል በጎተራ ማኖሩ ብክነት አለመሆኑን የምናውቅ ሕዝብ ነንና ይህን መረዳት አይከብደንም።

ሦስተኛው ጥቅም፦ መሬትን ማዳመጥ

ማንም ያላሰበው ጥቅም ይህኛው ነው። መስታወቱ ምንም ያህል ቢጠራ ጥቃቅን እንከኖች አሉት። በክሩ ውስጥ የተለቀቀ የሌዘር ብርሃን እያንዳንዱን እንከን ሲያልፍ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። መሬት ስትንቀጠቀጥ ክሩ በማይታይ መጠን ይሳባል ወይም ይጨመታል፤ የሚመለሰውም ብርሃን ይለወጣል። ለውጡን የሚያነብ መሣሪያ በክሩ ጫፍ ከተተከለ፣ ክሩ በየጥቂት ሜትሩ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ እንደ ተደረደረበት ሆኖ ያገለግላል።

በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 ጀምሮ በግቢያቸው ውስጥ በነበረው የቴሌኮም ቱቦ ውስጥ 4.8 ኪሎሜትር ክር አድርገው ሞከሩት። በቱቦ ውስጥ ልል ሆኖ የተኛ ክር የመሬትን እንቅስቃሴ አይቀበልም ይባል ነበር። ሆኖም በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ800 በላይ እንቅስቃሴዎችን መዘገበ። ሌሎች ተመራማሪዎችም በሳክራሜንቶ አጠገብ ሥራ ፈቶ የነበረ ጨለማ ክር ተጠቅመው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። በግንቦት 1990 በጁባ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ7 በላይ የነበረ ሲሆን በአፍሪካ በዚያ ምዕተ ዓመት ከደረሱት ከባዶች አንዱ ነው። በኢትዮጵያም ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የመለኪያ ጣቢያዎች ጥቂቶች ናቸው። ኬብል በሚያልፍበት ሁሉ ግን ትርፍ ክር ይኖራል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ስለ ነበር ትርፍ ኬብል የመጣው በኩባንያዎች ፉክክር አልነበረም። ዋናው መስመር በስፋት የተዘረጋው በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ኩባንያ ጋር በተደረገ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ስምምነት መሠረት ነው። መስመሩ ቀድሞ ደረሰ፤ ተጠቃሚው ዘግይቶ መጣ።

ሁለተኛው መንገድ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ምሰሶዎች አናት ላይ ከመብረቅ የሚከላከል ሽቦ ይዘረጋል። በዚህ ሽቦ ሆድ ውስጥ የመስታወት ክሮች ይከተታሉ። ዓላማው የማከፋፈያ ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ነው። ለዚህ ሥራ ጥቂት ክር ይበቃል፤ የተረፈው ለቴሌኮም ድርጅቶች ይከራያል። ለመብራት የተተከለ ምሰሶ በዚህ ዓይነት የስልክ መንገድም ሆነ።

ትርፉ ያለ ዋጋ አልተገኘም

እዚህ ላይ አንባብያን ከልክ በላይ መዘርጋት ሁልጊዜ መልካም ነው ብለው እንዳይደመድሙ ማሳሰብ እንወዳለን። በ2002 ኩባንያዎቹ ሲወድቁ ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን፣ አንዳንዶቹም ለጡረታ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አጥተዋል። በመንግሥት ብድር የተዘረጋ ኬብልም ብርሃን ተለቀቀበትም አልተለቀቀበትም ዕዳው በሕዝብ ይከፈላል። ለሕንድ ወጣት የተረፈው ጥቅም ጡረታውን ላጣው ሰው አይደርሰውም።

ሁለተኛ፣ አንድን መንገድ አምስት ጊዜ መቆፈር ትርፍ አቅም ሳይሆን ጥፋት ነው። በካምፓላ ኩባንያዎች በየጊዜው አንዱን ጎዳና እየቆፈሩ የየራሳቸውን ሲቀብሩ፣ የአንዱ ቆፋሪ የሌላውን ኬብል ይቆርጥ ነበር። በ2013 ጉግል በዚያች ከተማ ኩባንያዎች ሁሉ የሚከራዩት አንድ የጋራ መረብ መዘርጋቱን ይፋ አደረገ። ቁፋሮው አንድ፣ ክሩ ብዙ፣ ተጠቃሚው ሁሉ ሲሆን ትርፉ ይገኛል።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ፣ ትርፍ ኬብል በራሱ ለማንም አይጠቅምም። በታይኮ ኬብል የተጠቀሙት ሰዎች የተጠቀሙት ሌላ ሰው ገዝቶ ስለ ከፈተው ነው። በምሰሶ አናት ያለው ክር የጠቀመው የሚያከራይ ሕግና ዋጋ ስለ ተበጀለት ነው። በጁባም ሆነ በኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች ኬብሉ ዋናው መንገድ ድረስ ደርሶ፣ ከመንገዱ ሁለት ኪሎሜትር የራቀው ትምህርት ቤት ጨለማ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከባሕር ማዶ ሺህ ኪሎሜትር የመጣው ብርሃን የሚጎድለው የመጨረሻው ሁለት ኪሎሜትር ነው። ስለዚህ አዲስ መንገድ በሚሠራበት፣ የውኃ ቧንቧ በሚቀበርበት ወይም የመብራት ምሰሶ በሚተከልበት ጊዜ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበርና ቅርንጫፉን እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ማድረስ ከወላጅ ኮሚቴም ከአካባቢ አስተዳደርም ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ተግባሮች

1. በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አብጅታችሁ ውኃ ሙሉት። ክፍሉን አጨልማችሁ ከቀዳዳው በተቃራኒ በኩል የእጅ ባትሪ አብሩ። በቀዳዳው የሚፈሰው ውኃ ሲጎብጥ ብርሃኑም አብሮት ሲጎብጥ ታያላችሁ። እጃችሁን ከሚወርደው ውኃ ሥር ብታደርጉ መዳፋችሁ ላይ ብርሃን ያርፋል። ምክንያቱን ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ከተማራችሁት ጋር አያይዙ።

2. ከትምህርት ቤታችሁ እስከ ቅርቡ የባሕር ወደብ ያለውን የመንገድ ርቀት ከካርታ ለኩ። ብርሃን በመስታወት ክር ደርሶ ለመመለስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት አስሉ። በሳተላይት ከሚፈጀው ጋር አወዳድሩ።

3. የአንድ ከተማ የኢንተርኔት ፍላጎት በዓመት እጥፍ ይሆናል እንበል። ዛሬ በአንድ ክር የሚበቃ ከሆነና የክሩ አቅም ካልተለወጠ፣ 96 ክር ያለው ኬብል ስንት ዓመት ያቆያል? የክሩ አቅም ራሱ በየአራት ዓመቱ እጥፍ ቢሆንስ?

4. ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር፦ «ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ መዘርጋት ይሻላል» እና «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መዘርጋት ይሻላል»። እያንዳንዱ ወገን ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ጥቅሙን ማን እንደሚያገኝ በግልጽ ያስረዳ።